በሁለት ግድግዳ መካከል የቀረው መሬት

  ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ እድሳት ነው። ከተማ ይታደሳል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዶዘር፣ ካሳ፣ ምትክ ቦታና አዲስ ፎቅ ነው። በዛሬው ዝግጅት የማወጋችሁ ከዚህ ቀለል ስላለ መንገድ ነው፤ ጎረቤታሞች በቤቶቻቸው መካከል ትተውት የቀረውን ቦታ፣ ይዞታቸውን ሳይለቁ፣ ተስማምተው በጋራ ስለሚጠቀሙበት መንገድ።

በአርባ ምንጭ ከተማ ያለችውን ሲቀላን የምታውቁ አድማጮች፣ ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ሰፈሩ ውስጥ ገባ በሉና ሁለት ቤቶች የሚዋሰኑበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ባለቤት ቤት ሲሠራ ከወሰኑ ሜትር ወይም ሜትር ተኩል ይተዋል። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። በመካከል የብሎኬት ወይም የቆርቆሮ አጥር ይቆማል። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ የቀረው ቦታ ለማለፊያ ይጠባል፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ይረጥባል፣ ለመጥረግም አይመችም። የተሰነጠቀ ሮቶ፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የማንጎ ቅጠል ይከማችበታል። ቦታው በሁለቱም ካርታ ላይ አለ፤ ሁለቱም ግን አይጠቀሙበትም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ሁለት ጎረቤታሞች ግቢያቸው ሃያ ሜትር ያህል ይዋሰናል እንበል። እያንዳንዳቸው ሜትር ተኩል ቢተዉ በመካከላቸው 3 ሜትር በ20፣ ማለትም 60 ካሬ ሜትር አለ። ይህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሚያሠራ ቦታ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ አሥር እንዲህ ያሉ ወሰኖች ቢኖሩ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከተማዋ መሬት ጠበበን በምትልበት ጊዜ፣ ይህን ያህል ቦታ ከየሰው አጥር ሥር ተሸጉጦ ተቀምጧል ማለት ነው። አሁን ቢበዛ ለአንድ ሰው መሄጃ የሆነው ቦታ፣ አጥሩ ቢነሳና ሁለቱ ቢገጥሙ ባለ ሦስት ሜትር መተላለፊያ ይወጣዋል። ባጃጅ ይገባበታል፣ ጋሪ ይዞርበታል፣ ልጆች ከመኪና ርቀው ይጫወቱበታል።

ሲቀላ እንዴት እንዲህ ተጠጋጋች? አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ፣ የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደዚህ ሲወርድ ነው። ከላይ ሼቻ የመሥሪያ ቤቱና የመኖሪያው ሰፈር ሆነ። ከታች ሲቀላ መናኸሪያውን፣ ገበያውንና ንግዱን ያዘ። በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1996 ዓ.ም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሙዙና ማንጎው፣ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ፣ የነጭ ሳር ፓርክ ጎብኚ፣ ተማሪውና ሠራተኛው ሁሉ ከተማዋን ሰው በሰው አደረጓት። ተከራይ ሲበዛ ባለቤቱ ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ይቀጥላል። ሰርቪሱ ወደ ወሰኑ ይጠጋል። ወሰኑ ላይ ጎረቤትም የራሱን ሰርቪስ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ግቢ ለብቻው ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሰፈሩ በአንድነት ሲታይ ግን አየር ያጥረዋል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ መግቢያና መውጫ ያጣል።

ስለ ውሃው ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ አገር አየር ጠባይ የጋራ ቦታ ጉዳይ ሊጀመር የሚገባው ከዚያ ስለሆነ ነው። የአርባ ምንጭ ዝናብ እንደ መሀል አገሩ ክረምት አይደለም። ዋናው በሚያዝያና በግንቦት ይመጣል፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ። በመጣ ጊዜ ደግሞ ቶሎና በርትቶ ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። አንተም ጎረቤትህም ወደ ወሰኑ ያጋደለ 50፣ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ካላችሁ፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ሦስት ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። አሸንዳ ካልተገጠመ ውሃው የሚያርፈው በሁለቱ ቤቶች መሠረት ላይ ነው። ከሼቻ በኩል ቁልቁል የሚመጣው ጎርፍ ሲጨመርበት ደግሞ የሁለቱም ችግር እጥፍ ይሆናል።

አሁን እያንዳንዱ ባለቤት ምን ያደርጋል? የራሱን ወገን በሲሚንቶ ያነሳና ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ያጋድለዋል። ጎረቤቱም በተራው ከፍ ያደርጋል። በሰፈራችን ከሚነሱ የወሰን ጠቦች ስንቱ መነሻው ይኸው ይመስላችኋል? መፍትሔው ግን በአንድ ወገን ብቻ ሊገኝ የማይችል ነው። ቦይ ሲቆፈር በወሰኑ ልክ፣ ከሁለቱም ተዳፋት ዝቅ ብሎ፣ ወደ መንገዱ ዲች እያጋደለ መሄድ አለበት። አንድ የጋራ ቦይ ሁለት የተናጠል ቦዮችን ይተካል፤ ወጪውም በሁለት ይከፈላል፤ ለመጥረግም ይመቻል። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ አንድ የጋራ ታንከር ማጠራቀም ከተቻለማ የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ሳምንት ልብስ ያሳጥባል፣ አትክልት ያጠጣል።

ከጤናም አንጻር እንየው። የወባ ትንኝ የምትራባው በተኛ ውሃ ላይ ነው፤ እንደ ሲቀላ ባለ ሞቃት ቦታ ከዕንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅባትም። በአጥሩ ሥር የቀረው ኩሬ በእኔ ወገን ነው ወይስ በአንተ ወገን የሚለው ክርክር ለትንኟ ምንም አይደለም፤ የሁለታችሁንም ልጆች ትነድፋለች። ስለዚህ ከአጥሩ ወዲህ ብቻ ማፋሰስ ግማሽ ሥራ ነው።

ሙቀቱስ? የሐይቅ ዳር ከተማ በመሆናችን ቀን ቀን ከውሃው ወደ የብስ የሚነፍስ አየር አለን። ይህን አየር የሚያግደው በየወሰኑ የቆመው ድፍን ግድግዳ ነው። ቆርቆሮ አጥር ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ሙቀቱን ወደ ሁለቱም ግቢ መልሶ ይተፋዋል። አጥሩን ጨርሶ ማንሳት ለሚከብዳቸው ጎረቤታሞች፣ የላይኛውን ክፍል ቀዳዳ ባለው ብሎኬት መተካት ብቻ ለሁለቱም ቤት ንፋስ ያስገባል። በሦስት ሜትር መተላለፊያ ጫፍ ላይ የተተከለ አንድ ማንጎ ወይም ኒም ሁለት ግቢ ያጠላል፤ ለየብቻ በሜትር ተኩል ውስጥ ቢተከል ግን ሥሩ የቤት መሠረት ይገፋል።

ሌላው ጉዳይ እሳት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን የእሳት አደጋ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፣ መተላለፊያው ጠቦ፣ የእሳት አደጋ መኪናዎች ወደ ውስጥ ለመድረስ ተቸግረው ነበር። ሲቀላ ገበያ አካባቢም ከኋላ የተጠጋጋ ቆርቆሮ ብዙ አለ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ለማስመጠጥ መኪና ሲመጣም ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ ቱቦው ከመንገድ እስከ ጓሮ የሚዘረጋበት ማለፊያ ካልተተወ ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈስሳል። አንድ የጋራ መተላለፊያ ለአራት አባወራ ይህን ሁሉ ያቃልላል።

እንግዲህ ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለችውን የሐረርን አሮጌ ከተማ ውሰዱ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት እ.ኤ.አ በ2006 ነው። የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ብዙ ጊዜ በርካታ ሆነው ወደ አንድ ግቢ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ መንገዱ የሚታየው ድፍን ግድግዳና አንድ የጋራ በር ነው። ጠባቡ መንገድ የሁሉ፣ ግቢው የጥቂት ቤተሰብ፣ ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ነው። በጣም በጠበበ መሬት ላይ ለብዙ ትውልድ ተቀራርቦ መኖር የተቻለው በዚህ ደረጃ በደረጃ ባለ አከፋፈል ነው። ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚበጀው መካከለኛው፣ የጥቂት ቤተሰብ የሆነው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በሲቀላ የመንገዱ ቦታ አለን፣ የግል ግቢው አለን፤ የጎደለን የመሀሉ ነው።

እዚሁ በጋሞ ደጋ ደግሞ ዱቡሻ አለ። ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያጥረው፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚፈርድበት ሜዳ ነው። ዱቡሻ ለአገር ጉዳይ ነው፤ ከሁለት ጎረቤታሞች መተላለፊያ ጋር አላወዳድረውም። ሆኖም የጋራ መሬትን በጋራ ደንብ ማስከበር ለጋሞ ሕዝብ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያሳየናል። ጠብ የማብረድ ሥልጣኑም ቢሆን አልጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም፣ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው አስቁመዋቸዋል። እንዲያ ያለውን ቁጣ ያበረዱ ሽማግሌዎች ባሉበት ከተማ የሁለት ጎረቤት የወሰን ውል ሊያቅተን አይገባም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነው። «አጥሬን ካነሳሁ ቦታዬ ይወሰድብኛል» ይላል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በእጃችን ያለው ይዞታ ነው፣ ማስረጃውም ካርታው ነው። ግን አጥር ማንሳትና ወሰን ማንሳት ይለያያሉ። ወሰኑ በካርታው ላይ ካለ፣ በመሬቱ ላይም በችካል ከተመለከተ፣ አጥሩ ባይኖርም ወሰኑ ይኖራል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የንብረት አገልግሎት የሚባል መብት ያውቃል። ይህ መብት በአንዱ ይዞታ ላይ ለሌላው ይዞታ ጥቅም ሲባል የሚጣል ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ የማለፊያ ወይም የውሃ ማውረጃ መብት። መብቱ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን ንብረቱን ነው፤ ቤቱ ቢሸጥም ገዢው ያንን ግዴታ ይዞ ይገዛል። ስለዚህ የቃል ስምምነት አይበቃም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የመተላለፊያው ስፋትና ርዝመት በሜትር ይገለጽ፣ ትንሽ ንድፍ ይያያዝበት፣ ይዞታን ከሚመዘግበው የማዘጋጃ ቤት ክፍል ጋር ይመከርበት። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነም ባንኩ አስቀድሞ ይወቀው።

ከሕጉ የሚከብደው ግን አስተዳደሩ ነው። እዚህ ላይ የራሳችን አገር ትልቅ ትምህርት ሰጥታናለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር፣ አዘጋጆቹ የኢትዮጵያን ኑሮ አስበው በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ቤቶችን ሠሩ። እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ በግ ማረጃ ነበር። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ነዋሪዎች ማኅበር መሥርተው የጋራውን ቦታ እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይሁንና በብዙ ሳይቶች የጋራ ቤቶቹ ተዘግተው ቀሩ፣ ወይም ለሌላ ሥራ ተከራዩ። ማን ይጥረገው? ውሃና መብራቱን ማን ይክፈል? ቁልፉ በማን እጅ ይሁን? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በመቶ በሚቆጠር አባወራ መካከል መልስ ሳያገኙ ቀሩ።

ከዚህ የተማርኩትን በግልጽ ልናገር፤ የጋራ ቦታ ተካፋዩ ጥቂት ሲሆን ይጸናል። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ቤት። ሁሉም በስም የሚተዋወቁ፣ ከየመስኮታቸው ቦታውን የሚያዩት መሆን አለባቸው። ቦዩን በየወሩ የሚጠርገው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ በስም ይጻፍ፤ ተራውም ይወጣ። ለአምፖሉና ለጥገናው የሚዋጣው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ቋሚ ይሁን። ዕድርና ዕቁብ በዚህ አገር በአብዛኛው ያለ ጽሕፈት ቤትና ያለ ደመወዝ ለዘመናት የቆሙት መዋጮው የታወቀ፣ ተራው የታወቀ፣ ቅጣቱም የታወቀ ስለሆነ ነው። የመተላለፊያ ውልም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ይበጀዋል።

የውጭውን ዓለም ተሞክሮ በአጭሩ ላንሳ። ባርሴሎና እ.ኤ.አ በ1859 በመሐንዲሱ ሴርዳ ፕላን ስትስፋፋ እያንዳንዱ የሕንፃ ብሎክ በመሀሉ አትክልት እንዲኖረው ታስቦ ነበር። በጊዜ ብዛት መሀሉ በጋራዥና በወርክሾፕ ተሞላ። እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ ወዲህ ከተማዋ እነዚያን የመሀል ቦታዎች አንድ በአንድ እያስለቀቀች ለሰፈሩ ሰው ከፈተች። በበርሊን ክሮይትስበርግ ሰፈርም በዚያው አሥርት ዓመት፣ ሰፊ ማፍረስ ነዋሪውን ካስቆጣ በኋላ፣ ሰዎቹ ባሉበት ቤቱንና የጓሮ ግቢዎችን በጥንቃቄ ማደስ ተመረጠ። ሁለቱም ከተሞች ከእኛ የበለጠ ገንዘብ ነበራቸው፤ ሆኖም ነባሩን ሰፈር ሳይነቅሉ በመሀሉ ያለውን ቦታ መክፈት እንደሚበጅ አምነውበታል።

ይህን የማነሳው የኮሪደር ልማት የሚባለውን የመንገድ ዳር እድሳት ለመንቀፍ አይደለም። ሥራው በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ አርባ ምንጭም ተራዋ ደርሷታል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱ፣ መብራቱና አረንጓዴው መልካም ነው። ነገር ግን ኮሪደር የሚያምረው በመንገዱ ፊት ነው፤ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጀርባ ያለው ሰፈር እንደ ነበረ ይቀራል። ሰፈሩን ለማደስ ሁሉንም ማፍረስ ካስፈለገ ደግሞ ከቤቱ ጋር ጉርብትናው፣ ዕድሩና የጉሊቷ ደንበኛ አብረው ይነቀላሉ። በምጣድ ለምትተዳደር እናት ምትክ ቤት ይሰጣታል፤ የለመዳትን ደንበኛ ግን ማንም አይተካላትም። ጎረቤታሞች በመካከላቸው ያለውን ቦታ ሲከፍቱ ግን የውስጡ ሰፈር ማንም ሳይነሳ ይታደሳል፤ ከውስጥ የሚወጡት መተላለፊያዎችም ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ ጋር ይገናኛሉ። በዋናው መንገድ ላይ ያለ ባለ ሱቅ ከጀርባው ሁለተኛ በር ያገኛል፤ ከኋላ ያለው ቤትም እስከ ዛሬ ያልነበረውን የመንገድ ዳር ዋጋ ያገኛል።

የሌባ ሥጋት ይነሳል። ልክ ነው፣ ሊነሳ ይገባል። ስለዚህ መተላለፊያው ማታ የሚዘጋ አንድ የጋራ በር ይኑረው፤ ሁለት ዘበኛ በሚቀጠርበት ቦታ አንድ ይበቃል። ጨለማና ሰው የማይደርስበት ክፍተት ለሌባ ይመቻል፤ መብራት ያለበትና ሰው የሚመላለስበት ግን አይመቸውም። የቤተሰብ ገመናም ሊጠበቅ ይገባል፤ መኝታ ቤት ወደ መተላለፊያው ካየ መስኮቱ ከፍ ብሎ ይሠራ ወይም በእንጨት ፍርግርግ ይከለል። በተለይ ሴቶች ምን እንደሚመቻቸውና ምን እንደሚያሳቅቃቸው ሳይጠየቁ አጥር መነሳት የለበትም። ግቢው ውስጥ ብዙውን ሰዓት የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ከማዘጋጃ ቤቱ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የለበትም። አንድ ገጽ የሆነ የጋራ መተላለፊያ ውል ናሙና ያዘጋጅ። የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የጎረቤቱን ቦይና መስኮት የሚያሳይ ንድፍ እንዲያቀርብ ያድርግ። ተስማምተው ለመጡ ጎረቤታሞች ኮብልስቶኑን ወይም የቦዩን መውጫ ይሥራላቸው። የዩኒቨርሲቲው የሲቪል ምህንድስናና የውሃ ምህንድስና ተማሪዎችም ለተግባር ልምምዳቸው የአንድ መንደር ወሰኖችን ለክተው፣ ተዳፋቱን አውጥተው ቢሰጡ ለከተማዋ ትልቅ ውለታ ነው።

አድማጮቻችን፣ የሚያዝያው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሜትር ይዛችሁ ወደ ወሰናችሁ ሂዱ። ጎረቤታችሁን ጥሩትና በመካከላችሁ ያለውን ቦታ አብራችሁ ለኩት። መጀመሪያ ስለ ቦዩ ብቻ ተነጋገሩ። በቦዩ ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ዓመት ስለ አጥሩ ትነጋገራላችሁ። ካልተስማማችሁ አንድ ሽማግሌ በመካከል ይቀመጥ። የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍሩና ሁለታችሁም ፈርሙበት።